የባሕር ትል የመከላከያ ሕዋሳት፦ ሁለት ዓይነት ናቸው ወይስ አንዱ ሕዋስ በሁለት መልክ?

ሕዋስ_ተመልካች፦

ሰላም ለሁላችሁም። የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴን የምሠራው በባሕር ትሎች ላይ ነው፤ በተለይ የኔሬይስ ወገን በሆኑት። በትሉ የሰውነት ክፍተት ውስጥ ባለው ፈሳሽ ተንሳፍፈው የሚኖሩትን የመከላከያ ሕዋሳት፣ ሲሎሞሳይት የሚባሉትን፣ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ እያየሁ ነው። አንድ ነገር አልፈታልኝ ስላለ ወደ እናንተ መጣሁ።

በምስሎቹ ላይ የማየው ሁለት መልክ ነው። የመጀመሪያው ረዘም ያለ፣ ሁለቱ ጫፎቹ የሾሉ፣ ውስጡ ድፍን ጥቁር ሆነው በሚታዩ ቅንጣቶች የታጨቀ ሕዋስ ነው። ሁለተኛው ከብ ይላል። ከዳሩ ቀጫጭን የሐሰት እግሮች ያወጣል፤ ጥቁሮቹ ቅንጣቶች በጣም ጥቂት ናቸው፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይታዩም። በእነሱ ቦታ ከረጢቶች አሉ፤ አንዳንዶቹ ባዶ ይመስላሉ፣ ሌሎቹ ግማሹ የተፈጨ ነገር ይዘዋል።

ያነበብኳቸው ጽሑፎች እርስ በርስ አይስማሙም። አንዳንዶቹ ቅንጣት ያለውና ቅንጣት የሌለው ብለው ለሁለት ይከፍላሉ። ሄዲስቴ ዳይቨርሲከለር በተባለው ትል ላይ የሠሩት ደግሞ ቅንጣት ያላቸውን ብቻ ወስደው ጂ1፣ ጂ2 እና ጂ3 ብለው ለሦስት ከፍለዋቸዋል። እኔ የማያቸው ሁለቱ ከመነሻው የተለያዩ ሕዋሳት ናቸው? ወይስ ቅንጣቱን ሳይጠቀም ያለ ሕዋስና ቅንጣቱን የጨረሰ ያው ሕዋስ? ከምስል ብቻ ይህን መለየት ይቻላል?

ስስ_ቁራጭ፦

ሥራዬ ናሙና ማዘጋጀትና ለኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ መቁረጥ ስለሆነ ከዚያ በኩል ልጀምር። ሦስት ነገር ቢነግሩን ጥሩ ነው።

አንደኛ፣ ፈሳሹ ከትሉ ከተቀዳ በኋላ ግሉታራልዲሃይድ (ሕዋሱን ባለበት መልክ የሚያቆየው ኬሚካል) እስኪገባበት ምን ያህል ቆየ? እነዚህ ሕዋሳት ከትሉ ወጥተው መስታወት ከነኩበት ቅጽበት ጀምሮ ይለወጣሉ። በደቂቃዎች ውስጥ ይንጠፈጠፋሉ፣ እግር ያወጣሉ፣ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፣ ከቅንጣቶቻቸውም የተወሰነውን ወደ ውጭ ይለቃሉ። ዘግይቶ የተያዘ ናሙና የሚያሳየን ትሉ ውስጥ በሰላም ይንሳፈፍ የነበረውን ሕዋስ ሳይሆን አደጋ እንደደረሰ ቆጥሮ የተነሣውን ነው።

ሁለተኛ፣ ያጠቡበት ፈሳሽ ጨዋማነት ስንት ነበር? ሙሉ ጨው ባለው ባሕር ውስጥ የሚኖር ትል የውስጥ ፈሳሹ ከባሕሩ ጋር ይቀራረባል፤ በውስጡ የሟሟው ነገር ወደ 1000 ሚሊኦስሞል ነው። ለአጥቢ እንስሳ ሕዋስ የሚዘጋጀው ፈሳሽ ግን ወደ 300 ብቻ ነው። በእሱ የታጠበ የባሕር ትል ሕዋስ ውሃ እየሳበ ይነፋል፤ ውስጡም ባዶ በሚመስሉ ከረጢቶች ይሞላል። ባዶ የሚመስል ከረጢት ሲሉ መጀመሪያ የመጣልኝ ይህ ነው።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። የሕዋሱ ስፋት 10 ማይክሮሜትር፣ የቁራጩ ውፍረት ደግሞ 70 ናኖሜትር ነው እንበል። ከአንዱ ሕዋስ ከ140 በላይ ቁራጭ ይወጣል፤ በምስል የተነሣው ከእነዚያ አንዱ ነው። ሁለት ጫፉ የሾለ ሕዋስ በቁመቱ ሲቆረጥ የሾለ ይሆናል፤ በወርዱ ሲቆረጥ ግን ክብ ነው። ጫፉ አካባቢ ከተቆረጠ ደግሞ ኒውክለስም ላይታይ፣ ቅንጣትም ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ከብ ያለውንና ቅንጣት የሌለውን ሌላ ዓይነት ከማለት በፊት ተከታታይ ቁራጮችን ማየት ግድ ነው።

አዲስ_አንባቢ፦

ጣልቃ ስለገባሁ ይቅርታ፤ ሙያዬ ሌላ ነው፣ ርዕሱ ግን ስቦኝ ነው። ትል ደም የለውም ወይ? የመከላከያ ሕዋሳቱ ለምን በደም ሥር ውስጥ ሳይሆን በሰውነት ክፍተት ውስጥ ተቀመጡ?

ጥልቅ_ባሕር፦

ጥያቄዎ መሠረታዊ ነውና ረዘም አድርጌ ልመልስ። የጉዳዩ ባለቤትም ከመልሱ የምታገኘው ወይም የሚያገኘው ነገር ይኖራል ብዬ አስባለሁ።

የእነዚህ ትሎች ሰውነት ሁለት ቱቦ አንዱ በሌላው ውስጥ ሆኖ ነው። ውጭኛው ቆዳና ጡንቻ፣ ውስጠኛው አንጀት። በሁለቱ መካከል ፈሳሽ የሞላበት ክፍተት አለ፤ ሲሎም የሚባለው እሱ ነው። ትሉ አጥንት ስለሌለው ጡንቻው ተደግፎ የሚገፋው ይህንኑ ፈሳሽ ነው፤ ያለ እሱ መሄድም ጭቃ መቆፈርም አይችልም። እንግዲህ ቆዳው አንዴ ከተቀደደ ከውጭው ዓለም ጋር የሚገናኘው ትልቁ የውስጥ ክፍል ሲሎም ነው። የባሕር ውሃ በ1 ሚሊሊትር ውስጥ ወደ 1 ሚሊዮን ባክቴሪያ ይይዛል፤ ቫይረሶቹ ደግሞ ወደ 10 ሚሊዮን ይደርሳሉ። ትሉ የሚቆፍረው ጭቃ ከውሃው እጅግ የበዛ ባክቴሪያ አለበት። ቆዳው ሳይቀደድም ቢሆን የማጣሪያ ቱቦዎቹ ከሲሎም ተነሥተው ወደ ውጭ ይከፈታሉ። የመከላከያ ሕዋሳቱ በዚያ ፈሳሽ ውስጥ መገኘታቸው ለዚህ ነው።

ደም የላቸውም ወይ ላሉት፣ ኔሬይስ የተዘጋ የደም ሥር አለው፤ ደሙም ቀይ ነው። ነገር ግን ሄሞግሎቢኑ እንደ እኛ በሕዋስ ውስጥ አልታሸገም፤ በፈሳሹ ውስጥ የሟሟ ግዙፍ ሞለኪውል ነው። ግሊሴራ የሚባለው ትል በአንጻሩ ደህና የደም ሥር የለውም፤ ሄሞግሎቢን የያዙ፣ ኒውክለስ ያላቸው ቀይ ሕዋሳት በቀጥታ በሲሎም ውስጥ ይንሳፈፉለታል። ሲፑንኩሊድ የሚባሉት የባሕር ትሎች ደግሞ ሌላ መንገድ ይዘዋል። የእነሱ ኦክስጅን ተሸካሚ ሄሜሪትሪን ነው። ኦክስጅኑን የሚይዘው ሁለት የብረት አተሞች ባሉበት ቦታ ሲሆን፣ ብረቶቹ እንደ ሄሞግሎቢን በሂም ቀለበት የተያዙ አይደሉም። ኦክስጅን ሲይዝ ወደ ሐምራዊ ያደላ ቀለም ይኖረዋል፣ ሲለቅ ቀለም አልባ ይሆናል።

ስለዚህ በሲሎም ውስጥ የሚንሳፈፍ ሁሉ የመከላከያ ሕዋስ አይደለም። ኦክስጅን ተሸካሚ አለ። ኤሊዮሳይት የሚባል ስብና ግላይኮጅን የሚያከማች አለ፤ በሴቷ ኔሬይስ ውስጥ ለእንቁላሉ አስኳል የሚሆነውን ቪቴሎጀኒን የተባለ ፕሮቲን ሠርቶ የሚለቀው እሱ ነው። ከዚያ እንደ አሜባ የሚሳበው አሜቦሳይት አለ፤ ከበሽታ መከላከል በዋናነት የእሱ ሥራ ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ። ኔሬይስ ለመራባት ሲደርስ ሰውነቱ ይለወጣል፤ ከመሬት ለመሳብ የነበሩት ጡንቻዎች በከፊል ፈርሰው ለመዋኛ የሚሆኑት ይተካሉ። ያን ጊዜ የፈረሰውን የጡንቻ ስብርባሪ የሚውጡት የሲሎም ሕዋሳት ናቸው። ግማሹ የተፈጨ ነገር የያዘ ከረጢት አየሁ ሲባል የተዋጠው ባክቴሪያ ነው ወይስ የራሱ የትሉ ጡንቻ? የትሉን የዕድሜ ደረጃ ሳያውቁ መልስ መስጠት አይቻልም። በእኔ እምነት ምስል ከማንሣት በፊት የእያንዳንዱ ትል ጾታና የመራቢያ ደረጃ መመዝገብ አለበት።

ሕዋስ_ተመልካች፦

በጣም አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። እህታችሁ ነኝ፣ አንቺ በሉኝ።

ለስስ ቁራጭ፦ ፈሳሹን የቀዳሁት ኢዲቲኤ ባለበት በበረዶ በቀዘቀዘ ፈሳሽ ውስጥ ነው፤ ጨዋማነቱም ከባሕር ውሃው ጋር እኩል ነው። የከረጢቶቹ ጉዳይ ከማበጥ የመጣ አይመስለኝም፤ ምክንያቱም በዚያው ቁራጭ ላይ ያሉት ሚቶኮንድሪያዎች አላበጡም፣ ውስጣዊ እጥፋቶቻቸውም ደህና ናቸው። ተከታታይ ቁራጮችን ግን አላየሁም። ናሙናው የተቀበረባቸው ብሎኮች በእጄ ስላሉ አስቆርጣለሁ።

ለጥልቅ ባሕር፦ መምህር፣ ትሎቹ ገና ለመራባት ያልደረሱ ናቸው። በሲሎማቸው ውስጥ እንቁላልም ዘርም አላገኘሁም፤ እግሮቻቸውም የመዋኛ መልክ አልያዙም።

ስስ_ቁራጭ፦

ሚቶኮንድሪያውን ማየትሽ ትክክለኛ ፍተሻ ነው። ውሃ ስቦ ያበጠ ሕዋስ መጀመሪያ የሚታወቀው በእሱ ነው። ኢዲቲኤውም ጥሩ ነው፤ መጣበቁ ካልሲየም ስለሚፈልግ ካልሲየሙን ሲይዝበት ሕዋሳቱ ተለያይተው ይቆያሉ። አንድ ነገር ግን አስቢበት፦ ኢዲቲኤ የሐሰት እግሮችንም ያሳጥራል። ስለዚህ ቅርጽን ለመግለጽ በቀጥታ ግሉታራልዲሃይድ ውስጥ የተቀዳ ሁለተኛ ናሙና ይኑርሽ። ሁለቱን ጎን ለጎን ስታዪ የቱ ቅርጽ የሕዋሱ፣ የቱ የፈሳሹ እንደሆነ ይገባሻል።

ጥልቅ_ባሕር፦

ልጄ፣ ማብራሪያሽ ጥሩ ነው። እንግዲያውስ ወደ ሥራቸው እንሂድ፤ ምክንያቱም ሕዋሱን የምንለየው በሚሠራው ነገር ቢሆን እመርጣለሁ።

እነዚህ ሕዋሳት ሦስት ትልልቅ ሥራ አላቸው። ትንሹን ወራሪ ይውጣሉ። ለመዋጥ የማይመቸውን ትልቁን ይከብባሉ። ቁስል ይደፍናሉ። እያንዳንዱ ሥራ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሥር የራሱን አሻራ ይተዋል።

የሚውጥ ሕዋስ ከዳሩ ሰፋፊ መጋረጃ የመሰሉ ተዘርጊዎች ያወጣል፤ ባክቴሪያውን ከበው ሲገጥሙ ከረጢት ይሆናል። ከዚያ ላይሶዞሞች፣ የመፍጫ ኢንዛይም የያዙት፣ ከከረጢቱ ጋር ይዋሐዳሉ፤ ውስጡ ያለው ቀስ በቀስ ይደበዝዛል። መጨረሻ ላይ የማይፈጭ፣ ወፍራምና ጠቆር ያለ ቅሪት ይቀራል። ሦስቱም ደረጃዎች በአንድ ሕዋስ ውስጥ ጎን ለጎን ሊገኙ ይችላሉ።

የሚከብበው ሕዋስ ሌላ ነው። ሲሎም ውስጥ ጥገኛ ተሕዋስ ወይም ባዕድ ቁስ ሲገባ መጀመሪያ የሚደርሱት ሕዋሳት ይለጠፉበታል፤ ቅንጣቶቻቸውን ይዘረግፋሉ፤ ከዚያ ሌሎች ከላይ እየተነጠፉ ድርብርብ ሽፋን ይሠራሉ። ከባዕዱ ቁስ ጋር የተገናኙት ውስጠኞቹ ተጨፍልቀው ይሞታሉ፤ ብዙ ጊዜም ቡናማ ወይም ጥቁር ቀለም ይወጣቸዋል። ቀለሙ ሜላኒን ነው፤ የሚመጣውም ፌኖሎክሲዴዝ ከሚባል የኢንዛይም ሥራ ነው። መቺኒኮፍ እ.ኤ.አ. በ1882 መሲና ላይ በኮከብ ዓሣ እጭ ውስጥ እሾህ ሰክቶ ያየው የሕዋሳት መሰባሰብ የዚሁ ዘመድ ነው፤ ከፓውል ኤርሊክ ጋር በ1908 ኖቤል የተሰጠውም ከዚያ በተነሣው ሥራ ነው።

ቁስል መድፈን ላይ የትሎቹ አሠራር ከእኛ ይለያል። በእኛ ደም ውስጥ ፋይብሪን የሚባል ክር የሚሆን ፕሮቲን ይረጋል። ቴሚስቴ ፔትሪኮላ በሚባለው ሲፑንኩሊድ ግን ድፈናው የሕዋሳቱ የራሳቸው መጣበቅ ነው፤ ትልልቅ ቅንጣት ያላቸው ሕዋሳት በጅምላ ተያይዘው ቀዳዳውን ይዘጋሉ። ኔሬይስም ሲቆረጥ ጡንቻው ተኮማትሮ ጉድጓዱን ያጠብበታል፤ ሕዋሳቱ የቀረውን ይሞላሉ።

ስለዚህ ሁለቱን መልኮችሽን በእነዚህ ሥራዎች ፈትኛቸው። የሞተ እርሾ ወይም ባክቴሪያ ስጫቸውና ማን እንደሚውጥ ቁጠሪ። የአሲድ ፎስፋቴዝ ቀለም ላይሶዞሙ ያለበትን ያሳይሻል። ኒውትራል ሬድ በሕይወት ያለ ሕዋስ ላይሶዞም ውስጥ ይጠራቀማል፤ ላይሶዞሙ ሲጎዳ ይፈስሳል። ብክለትን የሚለኩ ሰዎችም ይህንኑ ቀለም ይጠቀሙበታል። ኤንቢቲ የሚባለው ቀለም ደግሞ ሱፐርኦክሳይድ (ሕዋሱ ባክቴሪያን የሚያጠቃበት የኦክስጅን ዓይነት) በሚለቀቅበት ቦታ ሰማያዊ ይሆናል። ቅንጣት የሞላበት ሕዋስ የማይውጥ፣ ነገር ግን የሚከብብና የሚዘረግፍ ሆኖ ከተገኘ፣ ከብ ያለው ደግሞ የሚውጥ ከሆነ፣ ቢያንስ የሥራ ክፍፍል እንዳለ አሳየሽ።

መድኃኒት_ፈላጊ፦

እስካሁን ያልተነሣ ነገር አለ፤ ቅንጣቱ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? ለእኔ ከሁሉ የሚያጓጓኝ እሱ ነው።

አሬኒኮላ ማሪና የሚባለው አሸዋ ውስጥ የሚኖር ትል ከሲሎሞሳይቶቹ እ.ኤ.አ. በ2004 አሬኒሲን የሚባሉ ሁለት ፔፕታይዶች ወጥተውለታል። እያንዳንዳቸው 21 አሚኖ አሲድ ናቸው። አንድ የሰልፈር ድልድይ ሁለቱን ጫፎች አቀራርቦ እንደ ጸጉር መቆንጠጫ የታጠፈ ቅርጽ ይሰጣቸዋል። አንዱ ፊት ውሃ ይሸሻል፣ በሌላው ላይ አዎንታዊ ቻርጅ ይበዛል። የባክቴሪያ ሽፋን አሉታዊ ቻርጅ ስላለው ይስባቸዋል፤ ከዚያ ሽፋኑን ያፈርሱታል። ብዙ የዚህ ዓይነት ፔፕታይዶች ጨው ሲበዛ ኃይላቸው ይደክማል፤ አሬኒሲን ግን ጨው ባለበትም ይሠራል። ባሕር ውስጥ ለሚኖር እንስሳ ከዚህ የበለጠ ምን ይጠቅማል? መድኃኒት ለማድረግ የሚያስቸግረው የሰውን ቀይ የደም ሕዋስም የሚያፈነዳ መሆኑ ነው፤ ተመራማሪዎች አሚኖ አሲዶቹን እየቀያየሩ ይህን ለመቀነስ ይሠራሉ።

ለአንቺ የሚቀርበው ግን ሄዲስቲን ነው። ከኔሬይስ ዳይቨርሲከለር (አንቺ ሄዲስቴ ዳይቨርሲከለር ካልሽው ከዚያው ትል) የተገኘ ሲሆን 22 አሚኖ አሲድ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ታተመ። ልዩ የሚያደርገው ብሮሚን የተጨመረበት ትሪፕቶፋን መያዙ ነው። በባሕር ውሃ ውስጥ በ1 ሊትር ወደ 65 ሚሊግራም ብሮማይድ ስላለ ትሉ ብሮሚን አያጣም። ዋናው ነጥቤ ይኸውልሽ፦ ሄዲስቲን በሁሉም ሲሎሞሳይት አይሠራም። የተገኘው በአንድ ወገን ብቻ ነው፤ ጸሐፊዎቹም እነዚህን ሕዋሳት ከእኛ ተፈጥሯዊ ገዳይ ሕዋሳት ጋር አመሳስለዋቸዋል። ስለዚህ ሕዋሳቱ በመልክ ብቻ ሳይሆን በሚሠሩት ፔፕታይድም ይለያያሉ። የወርቅ ቅንጣት የተለጠፈበት ፀረ እንግዳ አካል አግኝተሽ ቁራጩ ላይ ብታደርጊ ፔፕታይዱ የትኛው ቅንጣት ውስጥ እንዳለ በቀጥታ ታዪዋለሽ።

ዕፀ_ሕይወት፦

ስለ ሄዲስቲን የተባለው ሁሉ ልክ ነው፤ ንጽጽሩን ግን በጥንቃቄ እንያዘው። የእኛ ተፈጥሯዊ ገዳይ ሕዋስ የሊምፎሳይት፣ ማለትም የአንድ የነጭ ደም ሕዋስ ዓይነት፣ ወገን ነው። ትሎች ሊምፎሳይት የላቸውም፤ ፀረ እንግዳ አካልም አይሠሩም። ቅንጣት ያለውና ሌላ ሕዋስ የሚገድል ሕዋስ በሁለት የተለያዩ የዘር ሐረጎች ውስጥ ለየብቻ ሊፈጠር ይችላል። የሥራ መመሳሰል የዝምድና ማስረጃ አይሆንም።

ታዲያ ያለ ፀረ እንግዳ አካል ባዕዱን በምን ይለዩታል? በውርስ በተገኙ ተቀባዮች ነው። ቶል መሰል ተቀባዮችን ብንወስድ በሰው ውስጥ 10 ናቸው። ካፒቴላ በሚባለው የባሕር ትል ጂኖም ውስጥ ከ100 በላይ ተቆጥረዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመው ሐምራዊ የባሕር ጃርት ጂኖም ውስጥ ደግሞ 222 ተገኝተዋል። ይህ ቁጥር ብቻውን ሁሉም በመከላከል ሥራ ላይ ናቸው አያሰኝም፤ አንዳንዶቹ በፅንስ እድገት ላይ ሊሠሩ ይችላሉ። ግን እንስሳት ባዕድን ለመለየት አንድ መንገድ ብቻ እንዳልያዙ ያሳያል።

ሌላው፣ ትል የምንለው ነገር አንድ ወገን አይደለም። ኔማቶድ ከሚባለው ሌላ የትል ወገን የሆነው ሲ ኤሌጋንስ ሲሎሞሳይት የተባሉ 6 ሕዋሳት ብቻ አሉት። ከፈሳሹ ውስጥ ያለውን ሞለኪውል እየሳቡ ያጸዳሉ እንጂ እንደ ኔሬይስ ሕዋሳት ባክቴሪያ እያሳደዱ አይውጡም። ስማቸው አንድ ቢሆንም የኔሬይስን ሕዋስ በእነሱ መተርጎም ያሳስታል። ሲፑንኩሊዶች በአንጻሩ ለረጅም ጊዜ ራሳቸውን የቻሉ ወገን ተደርገው ቆይተው ዛሬ በሞለኪውል መረጃ ኔሬይስና የመሬት ትል ካሉበት ከአኔሊዶች ውስጥ ተመድበዋል። ለኔሬይስ ንጽጽር የምፈልገው ከእነሱ ነው።

ጥልቅ_ባሕር፦

ሲፑንኩሊድ ከተነሣ ኡርን የሚባለውን ሳልናገር አላልፍም፤ በዚህ ዘርፍ ካየኋቸው ነገሮች ሁሉ የሚያስደንቀኝ እሱ ነው።

ሲፑንኩለስ ኑደስ በሚባለው ትል የሰውነት ፈሳሽ ውስጥ ከጥቂት ሕዋሳት የተሠሩ፣ በራሳቸው የሚዋኙ ጥቃቅን አካላት አሉ። አንዱ ሕዋስ በሲሊያ የተሸፈነ ነው፤ ሲሊያው እየመታ ያንቀሳቅሰዋል። ሌላው ፈሳሽ እንደሞላው ከረጢት ግልጽ ሆኖ ይታያል። በመጀመሪያ በሲሎም ግድግዳ ላይ ተጣብቀው ያድጋሉ፣ ከዚያ ተላቅቀው ይንሳፈፋሉ። ሲዋኙ ከኋላቸው የሚያጣብቅ ንፍጥ ይጎትታሉ፤ ባክቴሪያ፣ የሞተ ሕዋስና ስብርባሪ ይያያዝበታል። ወራሪ ሲገባ ንፍጡ ይበዛል። የአንዱ እንስሳ ቆሻሻ ሰብሳቢ በውስጡ የሚዋኝ የሕዋሳት ቡድን መሆኑን ሳስብ ሁልጊዜ አዲስ ይሆንብኛል። ፍሬደሪክ ባንግና ቤትሲ ባንግ ይህን በፈረንሳይ ሮስኮፍ ጣቢያ አጥንተውታል። ንፍጡ እንዴት እንደሚመነጭ ከትሉ ውጭ በመስታወት ላይ ማየት ስለሚቻል የንፍጥ አመንጪ ሕዋሳትን ለማጥናት ጥሩ መሣሪያ ሆኖላቸዋል። ፍሬደሪክ ባንግ የፈረስ ኮቴ ሸርጣን ደም በባክቴሪያ መርዝ እንደሚረጋ እ.ኤ.አ. በ1956 ያሳተመው ሰው ነው፤ በመርፌ የሚሰጡ መድኃኒቶችን ከመርዙ ነፃ መሆናቸውን የምንፈትሽበት ዘዴ የመጣው ከዚያ ነው።

አዲስ_አንባቢ፦

መምህር፣ አመሰግናለሁ፤ ይህን ሁሉ አላውቅም ነበር። አንድ ጥያቄ ብቻ። ፀረ እንግዳ አካል ከሌላቸው ያለፈውን በሽታ ያስታውሳሉ?

ዕፀ_ሕይወት፦

እንደ እኛ አይደለም። ሆኖም የራሳቸውን ከሌላው ይለያሉ። የመሬት ትል ከሌላ ትል የተለጠፈለትን የቆዳ ቁራጭ ይጥላል፤ የራሱን ግን ይቀበላል። ሊኔየስ የሚባሉት የባሕር ሪባን ትሎችም ባዕድ ቁራጭ ይጥላሉ። በመሬት ትል ላይ ሁለተኛው ቁራጭ ከመጀመሪያው ፈጥኖ ይጣላል የሚሉ ሥራዎች አሉ፤ ያ ትውስታ ነው ወይስ ከመጀመሪያው የቀረ መነቃቃት የሚለው አከራካሪ ነው።

መድኃኒት_ፈላጊ፦

ተቃራኒውንም ጥያቄ እናንሣ፤ መቼ ነው የማይዋጉት? በጥልቅ ባሕር ፍል ውሃ ዳር የሚኖረው ሪፍቲያ ሲያድግ አፍም አንጀትም የለውም፤ የሚኖረው በውስጡ ባሉ ባክቴሪያዎች ነው። ለእያንዳንዱ ትውልድ ባክቴሪያው ከውጭ ነው የሚመጣው። እ.ኤ.አ. በ2006 እንደታየው መግቢያው የእጩ ቆዳ ነው። ባክቴሪያው ቆዳውን አልፎ ውስጥ ይሰፍራል፤ ከዚያ በቆዳውና በሌሎች ሕብረ ሕዋሳት ላይ ሰፊ የታቀደ የሕዋስ ሞት ይከተላል፣ መግቢያውም ያበቃል። አንዱ ባክቴሪያ ይዋጣል፣ ሌላው ቤት ይሰጠዋል። ልዩነቱን የሚወስነው ምን እንደሆነ በሞለኪውል ደረጃ መፍታት ለእኔ የዚህ ዘርፍ ትልቁ ሥራ ነው።

ሕዋስ_ተመልካች፦

ተመልሻለሁ። ተከታታይ ቁራጮቹን አይቼ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

ስስ ቁራጭ እንዳለው፣ ቅንጣት የላቸውም ካልኳቸው ከብ ካሉት ሕዋሳት የተወሰኑት በቀጣዮቹ ቁራጮች ላይ ቅንጣት አላቸው፤ እንዲያውም ቀጥዬ ሳያቸው ጫፋቸው የሾለ ነው። በወርዳቸው የተቆረጡ ነበሩ። የቀሩት ግን እስከ መጨረሻው ከብ ናቸው፤ የሐሰት እግር አላቸው፤ የተፈጨ ነገር የያዙ ከረጢቶችም አሏቸው። ከእነዚህ ውስጥ በጥቂቶቹ ከሾሉት ጋር የሚመሳሰሉ ድፍን ጥቁር ቅንጣቶች በከረጢቱ ዳር አሉ።

ያስጨነቀኝ ይህ የመጨረሻው ነው። ቅንጣቱ የራሱ የሕዋሱ ነው ወይስ ከሌላ ሕዋስ የተለቀቀውን ውጦት ነው?

ጥልቅ_ባሕር፦

ጥሩ አየሽ፤ ጥያቄሽም ቦታውን አገኘ። ሁለቱን የሚለየው ሽፋኑ ነው። የራሱ ቅንጣት በአንድ ሽፋን ብቻ ተከብቦ በሕዋሱ ፈሳሽ ውስጥ ይቀመጣል፤ ብዙ ጊዜም በጎልጂ (ቅንጣት በሚሠራበት የሕዋሱ ክፍል) አካባቢ ገና በመሠራት ላይ ያሉ፣ ፈዘዝ ያሉ ታናናሾች ታገኚለታለሽ። የተዋጠው ግን በከረጢቱ ውስጥ ይሆናል፤ ከሌላ ስብርባሪ ጋር ተቀላቅሎ፣ ዳሩ እየተፈጨ። ጎልጂው አካባቢ የሚሠራ ቅንጣት ከሌለ ሕዋሱ ቅንጣት ሠሪ ነው ለማለት አልደፍርም።

ምስል ግን ጊዜን አያሳይም። አንዱ ወደ ሌላው መለወጡን ለማወቅ በሕይወት ያሉ ትሎች ሲሎም ውስጥ የሚዋጥ ነገር አስገቢና ከ30 ደቂቃ፣ ከ2 ሰዓት፣ ከ24 ሰዓት በኋላ ከተለያዩ ትሎች ፈሳሽ ቅጂ። ከየናሙናው ሁለቱን መልኮች ቁጠሪ። ጨዋማ ውሃ ብቻ የተወጉ ትሎችም በየሰዓቱ ይኑሩሽ፤ መርፌው ራሱ ቁስል ስለሆነ ሕዋሳቱን ያነሣሣቸዋል። የሾሉት እየቀነሱ መካከለኛ መልክ ያላቸው ቢበዙ አንዱ ወደ ሌላው እየሄደ ነው ለማለት መነሻ ይሆናል። የሁለቱ ድርሻ ሳይለወጥ የሚውጡት ከብ ያሉት ብቻ ቢሆኑ ሁለት ወገን ናቸው ወደሚለው አደላለሁ። የሾሉት ቢቀንሱና መካከለኛ ባይገኝ ግን ሄደው አንድ ቦታ ተለጥፈው ይሆናልና የሲሎምን ግድግዳ ራሱን ቁረጪና እዪ።

ሕዋስ_ተመልካች፦

እሺ መምህር፣ እንዲሁ አደርጋለሁ። ለሚዋጠው ነገር የላቴክስ ኳሶች አሉን። እነሱን ልጠቀም?

ስስ_ቁራጭ፦

ለብርሃን ማይክሮስኮፕ ቆጠራ ይሆኑሻል፤ ለኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ግን አልመክርሽም። ላቴክሱ ፖሊስታይሪን ነው። ናሙናውን ወደ ሬዚን ስታስገቢ የምትጠቀሚበት ፕሮፒሊን ኦክሳይድ ያሟሟዋል፤ ኳሱ በነበረበት ክብ ባዶ ቦታ ብቻ ይቀራል። አንቺ ደግሞ ከመነሻው የምትከራከሪው ባዶ ስለሚመስሉ ከረጢቶች ነው፤ የትኛው የኳስ ቦታ፣ የትኛው የሕዋሱ ከረጢት እንደሆነ ይምታታብሻል።

በሙቀት የተገደለ የባሕር ባክቴሪያ ይሻልሻል፤ ግድግዳው በኦስሚየም ማቅለሚያ ጥርት ብሎ ይታያል፣ እየተፈጨ ሲሄድም ደረጃውን ታዪበታለሽ። በፎርማሊን የተገደለ ከሆነ ፎርማሊኑ እስኪወጣ ደጋግመሽ እጠቢው፤ አለዚያ ሕዋሱ ሳይውጥ ይሞታል። በተጨማሪ ትንሽ የወርቅ ኮሎይድ ለብቻው ለሌሎች ትሎች ብትሰጪ ደግሞ ጥሩ ነው፤ ወርቁ ስለማይፈጭ ከ24 ሰዓት በኋላም የዋጠው ሕዋስ ማን እንደነበረ አይጠፋሽም።